በጋቢ የተጋረደ ውሃ

ከመርሳ ወልድያ ሩቅ መንገድ አይደለም። ሰላም በነበረ ጊዜ ሰው ጠዋት ወጥቶ ጉዳዩን ጨርሶ ለዐስር ሶላት ቤቱ ይደርስ ነበር። እኔ ግን በዚህ ዓመት ረመዳን ያንኑ መንገድ ልጄን ይዤ ሄጄ ስመለስ፣ ከባሕር ማዶ እንደ መጣ ሰው የምናገረው በዛ። ጎረቤቶቼ ደጋግመው ስለሚያስወሩኝ አንዴ ጽፌ ብገላገል ይሻላል አልኩ። ደግሞም ሴት ልጁ ስትታመም «የሴት በሽታ ነው» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ የሚያዞር አባት በአገራችን ብዙ ነው። እሱ ያንብበው።

ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ከሱቅ ስኳር ተጠቅልሎበት በሚመጣ ጋዜጣ ነው። ኪታቡንም ቢሆን መስጊድ ደጃፍ ተቀምጬ ከሌሎች ሰማሁት እንጂ ከሸህ ፊት አልቀራሁም። ይህን አስቀድሜ የተናገርኩት በኋላ ለሚመጣው ነገር ስለሚያስፈልግ ነው።

ልጄ ሰዓዳ ትባላለች። እናቷ በሕይወት የለችም። ይማም የሚባል ደህና ልጅ አግብታ ዓመታት አለፉ፤ ልጅ ግን አልመጣም። በየወሩ ደግሞ ሆዷን ይዛ ትወድቃለች። አዋላጅዋ አሸቻት፣ ዱዓ ተደረገላት፣ ጎረቤት ሰብስበን ለጸሎት ወዳጃ ተቀመጥንላት። በመጨረሻ መርሳ ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ሆዷን ዳስሳ፣ በግራ በኩል የቋጠረ ነገር እንዳለና ወልድያ ሄዳ በመሣሪያ መታየት እንዳለባት ነገረችን። ይህ የሆነው የይማም እናት ከድጃ፣ ከዒድ በኋላ ሽማግሌ ተቀምጦ የልጇ ነገር እንዲታይ ባስወራች ሰሞን ነው። የልጇ ነገር ማለት ሌላ ሚስት ማለት እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል። ስለዚህ ሐሳቤ ቁርጥ ያለ ነበር፦ ያ ነገር ከሆዷ ይውጣና ልጄ ከነጤናዋ፣ ከነትዳሯ ትቀመጥ።

የመጀመሪያው ቀን፤ ከቤት እስከ ወልድያ

ይማም ሚሊሻ ነው፤ በዚያን ሰሞን ከቀበሌው ንቅንቅ ማለት አይችልም። ስለዚህ አጃቢው እኔ ሆንኩ። ከሰፈራችን እስከ መርሳ ቁልቁለት ስለሆነና ሰዓዳ መራመድ ስለሚያማት በቅሎ አስፈለገን። በቅሎዋን ያዋሰችን ራሷ ከድጃ ናት። ይህን የምጽፈው ሰውን በአንድ ነገር ብቻ መመዘን ነውር ስለሆነ ነው። ኮርቻውን በገዛ እጇ ካጠበቀች በኋላ ግን ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «አያ እንድሪስ፣ አውጥታችሁ ኑ። ጾሟንም እንዳትፈታ፤ አምና ረመዳንን ገሚሱን በልታ ነው ልጅ የምትመኘው» አለች። ሰዓዳ ሰምታ አንገቷን ደፋች።

እኔም በመንገድ ላይ የከድጃን ቃል አጸናሁት። ለመንገደኛ መፍታት የተፈቀደው ረጅም መንገድ ለሚሄድ ነው፤ ወልድያ ረጅም መንገድ አይደለም። የታመመም ሰው ቢሆን አልጋ ላይ የወደቀ ማለት እንጂ በቅሎ ላይ የተቀመጠ ማለት አይደለም አልኳት። ሰዓዳ «እሺ አባ» አለች። ይህች ልጅ እሺ ማለትን ከማን እንደተማረች አውቃለሁ።

መርሳ ስንደርስ ገበያው ቀዝቅዟል። በሰላሙ ጊዜ ማንጎው ከመንገዱ ዳር ተከምሮ መኪና ማሳለፍ ያቅተው ነበር፤ አሁን ጥቂት ሴቶች ሽንኩርት ፊታቸው አድርገው ተቀምጠዋል። በቅሎዋን ለአንድ ዘመዳችን አስረክበን ሚኒባስ ውስጥ ገባን። ከኋላችን ሁለት ወጣቶች ያንን ቅጠላቸውን በጠራራ ፀሐይ፣ ያውም በረመዳን ይቅማሉ። ዞሬ ገሠጽኳቸው። አንደኛው፣ «አባባ፣ እኛ መንገደኞች ነን፤ መንገደኛ አይጾምም» አለኝ። ከወዴት ወዴት ነህ ስለው ከመርሳ ወልድያ አለ። ሰዓዳ ሻሿን ወደ አፏ ስባ ስትስቅ አየኋት። ብዙ ጊዜ ሳትስቅ ስለቆየች ልጁን ከዚያ በላይ አልተቆጣሁትም።

ሲሪንቃን እንዳለፍን ጎማ ተነፈሰ። ትርፍ ጎማው ደግሞ ከተነፈሰው የባሰ ነበር። ሾፌሩ ሌላ ጎማ እስኪያስመጣ፣ ከመንገዱ ዳር በተቃጠለ የጭነት መኪና ጥላ ሥር ተቀመጥን። የመኪናው ሆድ ወጥቷል፤ በመስኮቱ በኩል ግራዋ በቅሎበታል። የዚያ መኪና ሾፌር የማን ልጅ እንደነበር አሰብኩ። ሰዓዳ ሕመሙ ሲነሳባት ጉልበቷን ወደ ደረቷ ሰብስባ አጎነበሰች። ከኋላ ይቅም የነበረው ልጅ ከሚኒባሱ የወንበር ትራስ ነቅሎ አምጥቶ ከጀርባዋ አደረገላት። ብገሥጸውም እንኳ ያደረገው ነው።

ኬላው ላይ ወንዶች ሁሉ ወርደን ተፈተሽን። ወጣቶቹን ለብቻ አቁመው መታወቂያቸውን ደጋግመው አዩ። እኔን አንዱ ወታደር ከእግር እስከ ራሴ አይቶ፣ «እርስዎ ይግቡ አባቴ» አለኝ። ይማም ይዟት ቢመጣ ኖሮ ስንት ሰዓት እንደሚቆም አሰብኩና ሽማግሌ በመሆኔ አላህን አመሰገንኩ።

ወልድያን ለማታውቁ፦ ተራራ ሥር የተሰበሰበች፣ ዳገትና ቁልቁለት የበዛባት፣ ባጃጅ እንደ ንብ የሚጮህባት ከተማ ናት። ጦርነቱ በታኅሣሥ ከወጣላት ወዲህ ሰዉ ተመልሷል፤ ቢሮውም ሱቁም ግን ተዘርፎ ገና ወንበር ፍለጋ ላይ ነው። እኛ ያረፍነው እትዬ ጥሩዬ ቤት ነው። ይህች ሴት ባሏ የሞተባት ክርስቲያን ናት። ባለፈው ክረምት ወልድያ ስትያዝ በእግሯ ሸሽታ እኛ ሰፈር ደርሳ፣ ሰዓዳ እግሯን አጥባ ቤታችን ጥቂት ቀን አሳድረናት ነበር። ደጃፏ ላይ ስታየን፣ «መጣችሁልኝ» ብላ ሰዓዳን አቅፋ አለቀሰች። የቤቷ በር በጦርነቱ ተሰብሮ ተወስዶ በቦታው ቆርቆሮ ቆማለች፤ ንፋስ ሲመጣ ቤቱ ሁሉ ይንኳኳል።

እርሷም ዐቢይ ጾም ይዛለች። እኔ በልቤ የሥጋው ነገር ሲያስጨንቀኝ ነበር፤ ሰው ቤት ገብቶ ይህን አልበላም ማለት ያስቀይማል። ጾሟ ገላገለን። «ዘንድሮ እናንተም ጾም እኛም ጾም፤ ሥጋው ማንን ሊቸግር ነው» እያለች፣ ለእኛ ብላ ገና ያልተነካ አዲስ ድስት አውጥታ ሽሮ ሠራች። መግሪብ ሲደርስ ተምር በሳህን አቀረበች። ከየት አመጣሽው ስላት፣ የሙስሊሙ ባለሱቅ «አንቺ ደግሞ መቼ ሰለምሽ» ብሎ እንደሳቀባት ነገረችን።

ሁለተኛው ቀን፤ የሞላው ሆድ

ሆስፒታሉ ግቢ ሰፊ ነው፤ ከእኛ ቀበሌ መስክ አያንስም። ውስጡ ግን የተዘረፈ ቤት ሁሉ እንደሚሆነው ነበር። አልጋ በሌለበት ፍራሽ፣ ፍራሽ በሌለበት ምንጣፍ ተነጥፏል። የሆድ ማያው አልትራሳውንድ ከሩቅ አገር በእርዳታ የመጣ አንድ ብቻ ነው አሉ።

አስቀድማ የመርሳዋ ነርስ አንድ ነገር አስጠንቅቃን ነበር። ሰዓዳ ብዙ ውሃ ጠጥታ፣ ሽንቷ ሞልቶ ሳትሸና ካልገባች መሣሪያው አጥርቶ አያይም። እኔም ይህን ከጾሙ ጋር አስታረቅሁት። በሱሁር እትዬ ጥሩዬ ለኪዳን ጸሎት ስትነሳ እኛን ቀስቅሳን ነበርና፣ ሰዓዳን አስቀምጬ ውሃ በላይ በላይ አጠጣኋት። «በቃኝ አባ» ስትል «ጨምሪ» አልኳት። ከዚያም ተራሽ እስኪደርስ እንዳትሸኚ አልኳት። ጾሙም ሳይፈታ፣ ፊኛውም ሞልቶ፣ ሁለቱ በአንድ ጊዜ። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ወረፋው ከበሩ እስከ ግቢው ዛፍ ይደርሳል። ፀሐይ ስትወጣ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩን የሚያስነሳው ሰው ናፍጣ ሊያመጣ ሄዷል ተባለ። ሰዓዳ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፤ ከንፈሯን ነክሳለች፤ አንዴ በዚህ እግሯ፣ አንዴ በዚያ እግሯ ትቆማለች። የታመመ ሆድ ላይ የሞላ ፊኛ ምን ማለት እንደሆነ እኔ ወንዱ በምን አውቃለሁ። «ትንሽ ነው የቀረው» እላታለሁ፤ የቀረውንም አላውቀውም። ከጎኗ የነበረች አንዲት ወፍራም ሴት ዐይታት ዐይታት ወደ እኔ ዞረችና፣ «አባቴ፣ ይህች ልጅ ልትፈነዳ ነው እኮ። እርስዎ ይችሉታል?» አለችኝ። ሰዓዳ እንባዋ ሲወርድ፣ ይቅር ብላኝ ይሁን ተቆጥታኝ ሳታሳይ፣ ወደ መጸዳጃው ሮጠች።

መብራት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ተራዋ ደርሶ ስትገባ ፊኛዋ ባዶ ነበር። ባለሙያዋ ጥላ እንጂ ምንም እንዳላየች፣ ነገ ጠጥታ እንድትመጣ ነግራ አስወጣቻት። «ውሃ መጠጣት ያለባት ከመግባቷ በፊት ነው እንጂ ሌሊት አይደለም» አለችኝ። ሐፍረት ተሰማኝ።

ማታ መስጊድ ሄድኩ። ከተራዊሕ ሶላት በኋላ ኢማሙን ጠጋ ብዬ ነገሩን ከነአስተራረቄ አስረዳሁት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና፣ «ወንድሜ፣ የታመመ ሰው ይፍታ ያለው አላህ ነው። አንተ ከእሱ በላይ ልትጠነቅቅ ነው?» አለኝ። ከዚያ በላይ አልጨመረም፤ ጫማውን አድርጎ ሄደ። የተማረ ሰው አጭር መናገር ይችላል።

ተመልሼ ለሰዓዳ ነገ ትጠጫለሽ አልኳት። እንቢ አለች። ልጄ እንቢ ስትለኝ ያ የመጀመሪያው ነው።

«ሕዝብ መሀል ቆሜ ውሃ ስጠጣ አንድ የአገራችን ሰው ካየኝ በቃ። አማቴ ዘንድ ከእኛ በፊት ይደርሳል» አለች።

«እኔ ነኝ ያስፈታኋት እላታለሁ።»

«እርስዎ አባ? ማን ያምናል?»

እትዬ ጥሩዬ ከወጥ ቤት ሆና ስትሰማ ኖሮ ሳቋ አመለጣት። እኔም ሳልወድ ሳቅኩ። በእውነትም ማን ያምናል።

ሦስተኛው ቀን፤ ጋቢው

እትዬ ጥሩዬ ውሃውን በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልታ በዘንቢል ከተተችልን። ተራችን ሲቃረብ ሰዓዳን የግቢው ግድግዳ ወደ ውስጥ የታጠፈበት ጥግ ወሰድኳትና ጋቢዬን አውልቄ በሁለት እጄ ዘርግቼ ከፊቷ ቆምኩ። ፊቴን ወደ ሰዉ፣ ጀርባዬን ወደ እሷ አደረግሁ። ውሃው ሲንቆረቆርና እሷ ስትውጥ ይሰማኛል። መጀመሪያ በትንሽ በትንሹ ጠጣች፤ ኋላ እንደ ተጠማ ሰው።

የትናንትናዋ ወፍራም ሴት፣ አንገቷ ላይ ማተብ ያለባት፣ ከወረፋው ወጥታ መጣች። የሚደረገው ነገር ወዲያው ገባት። እርሷም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች፤ እርሷም ጠጥታ እንድትገባ ታዝዛለች፤ እርሷም ሰው እንዳያያት ስትጨነቅ አርፍዳለች። ጠጋ ብላ በዝቅተኛ ድምፅ፣ «አባቴ፣ ልጅዎ ስትጨርስ እኔንም ይጋርዱኝ» አለችኝ።

ጋረድኳት። ከእሷ በኋላ አንዲት ሒጃብ የለበሰች፣ ከሐራ የመጣች ልጅ ቀረበች፤ ከእርሷ በኋላ ሌላ። ክንዴ ሲዝል ሰዓዳ አንዱን ጫፍ ያዘችልኝ። እንዲህ ሆነን፣ እኔ ከአንዱ ወገን እሷ ከሌላው፣ የጾመኛ ሴቶች መጋረጃ ሆነን ቆምን። አንድ ዘበኛ ሊያባርረን መጥቶ፣ ከጋቢው ጀርባ ማን እንዳለ ሲጠይቅ ወፍራሟ ሴት፣ «ሚስትህ ናት፤ ሂድ» አለችው። ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ጾሙን እንዳይፈታ ስቆጣጠር ኖሬያለሁ፤ የዚያን ዕለት ግን ስንት ሴት ከኋላዬ ውሃ እንደጠጣ ባስብ ምንም አልከበደኝም።

መሣሪያው በዚያን ቀን አጥርቶ አየ።

አራተኛው ቀን፤ የሐኪሟ ቃል

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ከደቡብ አገር የመጣች ናት አሉኝ። አማርኛዋ ከእኛ ዜማ ይለያል፤ ረጋ ያለ ነው። ጦርነቱ ከከተማው ሲወጣ ወደ ቤቷ መሄድ ስትችል እዚህ ቀረች። እንድወጣ አልጠየቀችኝም፤ ሰዓዳን ግን «አባትሽ ይኑሩ?» ብላ ጠየቀቻት። ሰዓዳ አየችኝና «ይኑሩ» አለች። እኔም ፊቴን ወደ ግድግዳ ሳላዞር ተቀመጥኩ።

የነገረችንን እንደ ገባኝ እጽፈዋለሁ። የማህፀን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ነገር አንዳንድ ሴት ላይ ያለ ቦታው፣ ከማህፀን ውጭ ይበቅላል። በየወሩም ማህፀን ሲደማ እሱም ይደማል። ደሙ መውጫ ስለሌለው ይቋጠራል፤ ይጠቁራል፤ ይወፍራል። ስሙ ኢንዶሜትሪዮሲስ ነው። ሰዓዳ ላይ የተቋጠረው በግራ በኩል ባለችው እንቁልእጢ፣ ማለትም የሴት እንቁላል በሚቀመጥባት ቦታ ላይ ነው። መጠኑ ሎሚ ያህላል። ቀኙ ደህና ነው። ሕመሙም ከዚህ ነው፤ ልጅ መዘግየቱም ከዚህ ሊሆን ይችላል። ስንፍናም ቅብጠትም እርግማንም አይደለም አለች። እርግማን የሚለውን ስትናገር ሰዓዳ ቀና አለች።

እኔ «እንግዲያው ይውጣ» አልኩ። የመጣነው ለዚሁ ነው።

ሐኪሟ ማውጣት እንደሚቻል፣ አንዳንዴም ግድ እንደሚሆን ገለጸች። ካደገ፣ ሕመሙ ከማይቻል በላይ ከሆነ፣ መልኩ ካላማራት ታወጣዋለች። ነገር ግን ያ ቋጠሮ እንደ ፍሬ ተለይቶ የሚለቀም አይደለም፤ ከእንቁልእጢዋ ጋር ተጣብቋል። ግድግዳው ሲላጥ ጤነኛውም አብሮ ይነሳል፤ ከእሱ ጋር እንቁላሎቿ ይሄዳሉ። ሴት ልጅ እንቁላሏን ይዛ ነው የምትወለደው፤ በኋላ የሚጨመር የለም። ለዚህች ልጅ አሁን መቁረጥ ከሚረዳት ይልቅ ሊጎዳት ይችላል ብላ ታምናለች። ሕመሙን በደንብ የሚያረግቡ እንክብሎችም አሉ፤ እነሱ ግን እርግዝናንም ስለሚከለክሉ ልጅ ለምትፈልግ አይሆኑም። የምትመክረው ማስታገሻ እየወሰደች ከባሏ ጋር እንድትሞክር፣ ባሏም መጥቶ እንዲመረመር፣ ቋጠሮው እንዳያድግ በየጊዜው እንድትታይ ነው። ያ ካልሆነ አዲስ አበባ ሌላ ሕክምና አለ፤ ቀላል ነው አትልም።

ይማም ይመርመር ስትል ጆሮዬ ቆመ። በእኛ አገር ልጅ ሲጠፋ የሚታየው የሴቷ ሆድ ብቻ ነው። ግን የከፋኝ እሱ አልነበረም። ባዶ እጄን ልመለስ ነው ብዬ ነው። ከድጃ «ወጣላት?» ስትል ምን ልበላት? ሽማግሌ ፊት «ቆይተን እናያለን» ይባላል?

«ይቺ ልጅ ትወልዳለች?» አልኳት ሐኪሟን።

«አላውቅም አባቴ። ትወልዳለች ብዬ አልዋሽዎትም። አትወልድም የሚልዎት ካለ ደግሞ እሱንም አይመኑት።»

ተናደድኩ። እርግጠኛውን የሚነግረኝ ሰው ፈልጌ ነበር የመጣሁት። «ሌላ ቦታ ወስጄ አስቆርጣታለሁ» አልኩ። ሐኪሟ አልተቆጣችም። ወደ ሰዓዳ ዞረችና «አንቺስ?» አለቻት።

ሰዓዳ ለሐኪሟ አልመለሰችላትም። ለእኔ ነው የተናገረችው። «አባ፣ እንደ ጉድጓዱ እኮ ነው» አለች።

ይህን ለማታውቁ ልንገር። እኛ ቆላዎቹ ማሽላ የምናኖረው መሬት ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ ነው። ያን ክረምት ታጣቂ ሲመጣ የዘር ማሽላችንን ጉድጓድ ውስጥ ከትተን፣ አፉን በአፈርና በፍግ ደፍነን፣ በላዩ ፍየል አስረንበት ከረምን። ሲወጡ ከፈትነው። ዝናብ ገብቶ ከግድግዳው ጋር የተያያዘው እህል በስብሶ ጠቁሯል። ሰዓዳ ሽታውን ጠልታ በዶማ ልትፍቀው ስትል ያዝኳት። የበሰበሰውን ከግድግዳ የፋቀ ሰው ደህናውንም አብሮ ያወርዳል፤ ሻጋታውም ከጥሩው ይደባለቃል። ግድግዳው እንዳለ ይተውና ከመካከል ይዘገናል። ዘንድሮ የዘራነው ከዚያ ከመካከል የተዘገነ ነው። ይህን ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

ሐኪሟ የምን ጉድጓድ እንደሆነ ጠየቀች፤ ሰዓዳ አስረዳቻት። እስከ ዛሬ ከሰማኋት ሁሉ የበለጠ ብዙ ቃል የተናገረችው ያን ጊዜ ነው። ሐኪሟም እየሰማች ፈገግ ብላ፣ «ለሌሎቹም እንዲህ ብዬ እነግራቸዋለሁ፤ ትፈቅጂልኛለሽ?» አለቻት።

«አይቆረጥ» አለች ሰዓዳ። እኔም ከእርሷ በኋላ «አይቆረጥ» አልኩ። ደስ ብሎኝ አልነበረም፤ ትክክል ስለሆነ ነው።

ማታ እትዬ ጥሩዬ ቤት ሽሮውን ስንበላ ሰዓዳ ሁለተኛ ጨመረች። ቆርቆሮዋ በር በንፋስ ስትንኳኳ እትዬ ጥሩዬ፣ «ግቡ፣ ክፍት ነው» እያለች ታስቀን ነበር። ቤቷ ከእኔ ቤት ይጠባል፤ ግን ሰው ገብቶ እንዲስቅበት የተሠራ ነው።

አምስተኛው ቀን፤ መመለስ

መርሳ ላይ ከሚኒባሱ ስንወርድ ከድጃ በቅሎዋን ይዛ ራሷ ቆማለች። ልጇ ልኳት ይሁን፣ ልቧ አላስችል ብሏት፣ አልጠየቅኋትም። ሰላምታው እንኳ ሳያልቅ «ወጣላት?» አለች።

«አልወጣም።»

ፊቷ ጨለመ። «ጾሟስ?»

«ፈታች። ያስፈታኋት እኔ ነኝ። ጋቢዬን ከፊቷ ዘርግቼ ነው ያጠጣኋት።»

ከድጃ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ውሸት ነው ትል ነበር። እኔ ግን በጾም ነገር ለሰዓዳ በልጅነቷም ካገባችም በኋላ ያላዘንኩላት፣ ለእርሷ ብዬ የማልዋሽ ሰው መሆኔን ታውቃለች። «እርስዎ?» አለች። ሰዓዳን ደግፋ በቅሎ ላይ አወጣቻት።

ዳገቱን ስንወጣ ሐኪሟ ያለችውን ሁሉ ነገርኳት፤ የይማምንም ምርመራ አልደበቅሁም። የልጇ ስም ሲነሳ ቆጣ አለች። የጉድጓዱን ነገር ስነግራት ግን አረማመዷ ቀነሰ። ጉድጓድ ከእኔ የበለጠ ታውቃለች። ጥቂት ሄደን፣ «ቀኙ በኩል ደህና ነው አለች?» ብላ ጠየቀች። ደህና ነው አልኳት። ከዚያ እስከ ቤት ልጓሙን የያዘችው እርሷ ናት።

ከዒድ በኋላ ሽማግሌው ተቀመጠ። ነገሩ ቀረ አልልም፤ እንዲህ ብጽፍ መዋሸት ይሆናል። እስከ መኸር ይቆይ ተብሎ ተነሣን፤ «ይቆይ» ያለችው ከድጃ ናት። ሰዓዳ የፈታችውን ቀን በሌላ ቀን ጾማ ቀዷ ስታወጣ ከድጃም ቀዷ አለብኝ ብላ አብራት ጾመች። ይኑርባት አይኑርባት አላህ ያውቃል። ልጅ ገና የለም። ሕመሙም በየወሩ ይመጣል፤ ማስታገሻው ያረግበዋል እንጂ አይነቅለውም። ጦርነቱም ቢሆን አለቀ የሚል ሰው አላገኘሁም።

ባለፈው ሳምንት ይማም ፈቃድ አግኝቶ ሰዓዳን ይዞ ወልድያ ሊሄድ ተነሣ፤ እሷ ልትታይ፣ እርሱ ሊመረመር። ከደጃፌ ሲያልፉ ወጣሁ። ከድጃ ከኋላቸው እየሮጠች መጥታ ትንሽ ቢጫ ጀሪካን ለሰዓዳ አስያዘቻት። «ከመንገድ ጀምረሽ ጠጪ። ሲጠሩሽ ሞልተሽ ግቢ» አለቻት።

እኔም ጋቢዬን አውልቄ ለይማም ሰጠሁት።

«አባ፣ ረመዳን እኮ አልፏል» አለኝ እየሳቀ።

«ወረፋው ረጅም ነው» አልኩት፤ «ከጎኗ ቁም።»